የጣና ታንኳና በቤት የሚሠራ የኮምፔልሳቶ ካያክ

ጎጃም በዓባይ ወንዝ እንደ ቀለበት የተከበበ አገር መሆኑን ማንኛውም ተማሪ ካርታ ላይ አይቶ ያውቀዋል። ቀለበቱን ለመሻገር ለሚፈልግ ሰው ግን ካርታው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። እኛ ያደግንባት ቁይ በጮቄ ተራሮች አካባቢ በደጋው ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጮቄ የሚነሡት ሙጋ፥ ሱሃ፥ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በበጋ ሕፃን ልጅ በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ገበያተኛን ከነአህያው ጠርጎ የሚወስድ ይሆናል። ስለዚህ ባገራችን ክረምት ሲገባ ዘመድ ከዘመድ፥ በሽተኛም ከሐኪም ይለያያል።

ለዚህ ነገር ከሞጣ ወዲያ በዓባይ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ጥሩ ምስክር ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በ1930ዎቹ፥ በጣሊያን ጦርነት ዘመን፥ መካከሉ ተሰበረ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት፥ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በ2002 አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ክፍተቱን በብረት ቢያገናኘውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድልድይ በሌለበት ሥፍራ ያለው ሰው ግን ዛሬም በዋናና በእንጨት ተደግፎ ይሞክራል፤ አንዳንዱም በተነፋ ስልቻ ላይ ደረቱን አስደግፎ ይሻገራል።

እኛን ወደዚህ ጥናት የመራን ጥያቄ ይህ ነው። በመካከላችን እንዲህ ያለ ውኃ እያለ ለምን ጀልባ የምንሠራ ሰዎች አልሆንንም? ደግሞስ አንድ ልዩ ሙያ የሌለው ሰው በግቢው ውስጥ ሰውን የሚሸከም ጀልባ መሥራት ይችላል ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ጥያቄው ራሱ ስሕተት መሆኑን ተረዳን፤ ጀልባ ሠሪ አላጣንምና። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ግን ባለፈው ክረምት ከታናሽ ወንድማችንና አናጢ ከሆነው አጎታችን ጋር ቁይ ላይ አንድ ካያክ ሠራን። የደረሰብንን ስሕተት ሁሉ ሳንደብቅ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ከእኛ በፊት ስለነበረው ሙያ እንናገር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፥ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል አገዳው ሦስት ማዕዘን፥ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ የመሰለ ተክል ነው። አገዳው ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲጠወልግ እየተሰበሰበ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል። ወፍራሞቹ እስሮች ጎን ለጎን ተጋጥመው ወለሉ ይሆናሉ፤ ቀጠን ያሉት በጠርዙ ላይ ተደርበው ከንፈሩን ይሠራሉ፤ የፊቱ ጫፍ በገመድ ተስቦ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ማሰሪያው ልጥ ነው። ምስማር የለም፥ ሙጫ የለም፥ ሳንቃም የለም። በመጨረሻ በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፤ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከዚህ በላይ ይቀመጣሉ። እንግዲህ ታንኳ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ታንኳ ውኃ ያስገባል። ወለሉ ላይ እጁን የሰደደ ሰው እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል፤ ንጣፉ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ላይ ታንኳ ሲያስሩ ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ፥ «አባባ፥ ውኃው ሲገባ አይሰጥምም?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁብን። ውኃ መግባቱ እንደማያስጨንቃቸው፥ የሚያስጨንቃቸው ሳይደርቅ መክረሙ እንደ ሆነ አስረዱን። በእርግጥም ታንኳ ከጉዞ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ፥ ብዙ ጊዜም በቁሙ ተገትሮ፥ እስኪንጠፈጠፍ ይቆያል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው የወራት ጉዳይ ነው። አገዳው ውኃ እየጠጣ፥ እየከበደ፥ በመጨረሻም እየበሰበሰ ይሄዳል። ሠሪው ግን አይጨነቅም፤ ጥሬ ዕቃው ዳር ላይ በቅሎለታልና ሌላ ያስራል።

በዚህ ሙያ የታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፏል፤ ዛሬ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቱ ሁሉ አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር። ከዘጌና ከደሴቶቹ እንጨቱና እህሉ የሚመጣው በታንኳ ሆኖ ሳለ፥ ታንኳውን እየፈለገ ሠሪውን የሚንቅ ሕዝብ የጀልባን ጥበብ ከሐይቁ ዳር አልፎ ወደ ደጋው ሊያወጣው እንደማይችል ግልጽ ነው። እኛ ደገኞቹ ጀልባ ሠሪ አጣን የምንለው ባለቤቱን ቤታችን ስላላስገባነው ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ባገራችን የሚገኘው ጀልባ ታንኳ ብቻ አይደለም። በጋምቤላ አኙዋኮች ግንድ ፈልፍለው በባሮ ላይ ይቀዝፋሉ፤ በአባያ ሐይቅም ከውኃ ዳር በሚበቅል እጅግ ቀላል እንጨት የሚሠራ መንሳፈፊያ አለ። ወደ እነዚህ ግን አንገባም፤ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ።

ማንኛውም ነገር የሚንሳፈፍበት ሕግ አንድ ነው፤ አርኪሜድስ እንዳስተማረው፥ ገፍቶ ያስለቀቀው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር ሲተካከል ይቆማል። ወደዚህ ሕግ የሚደረስበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ዕቃው ራሱ ከውኃ የቀለለ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ይህ የታንኳ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ምንም ይሁን ምን ውስጡን ባዶ አድርጎ ውኃ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ይህ የመርከብና የካያክ መንገድ ነው። የብረት ድስት ባዶውን ውኃ ላይ ቢቀመጥ ይንሳፈፋል፤ በምስማር ቢበሱት ግን ይሰጥማል። ታንኳ ግን ሺህ ቦታ የተበሳ ነው፤ ይሁን እንጂ አይሰጥምም። የሁለቱን ልዩነት ያልተረዳ ሰው በሁለቱም ላይ ሊሞት ይችላል፤ በታንኳ የሚሞተው አርጅቶ ውኃ የጠጣውን ታንኳ አምኖ ከዳር ርቆ ሲሄድ ነው፤ በካያክ የሚሞተው አንዲት ስንጥቅ ንቆ ሲገባ ነው።

ሁለቱን መንገዶች ያጋባ ጥንታዊ ሥራም አለ። በኦሪት ዘጸአት ሕፃኑ ሙሴ የተጣለባት ሣጥን ከደንገል የተሠራች ሆና በዝፍት የተለቀለቀች ነበረች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብበነዋል፤ ነገር ግን ዝፍቱ ለምን እንዳስፈለገ ያሰብነው ይህን ጥናት ስንጀምር ነው። እናቲቱ ልጇን በእርጥብ ንጣፍ ላይ ማስተኛት አልፈለገችም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል መርከቦችን ያነሣል።

ደንገል ምን ያህል ሊችል እንደሚችል ባለፈው መቶ ዓመት የተፈተነው ደግሞ በእኛው በጣና ደንገል ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አሥራ ሁለት ቶን ያህል ደንገል ከጣና ወደ ግብፅ አስጭኖ፥ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ጀልባ ሠሪዎች እጅ በፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ጀልባይቱ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ለማቋረጥ ጥቂት ሲቀራት በኋላዋ በኩል ተዳክማ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ»፥ በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የታሰረችው፥ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ሊቃውንት ደንገል በሁለት ሳምንት ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል ብለው ነበር፤ አልሰጠመም። በመጀመሪያይቱ ላይ ችግር ያመጣው አገዳው ሳይሆን አስተሳሰሩ፥ ይልቁንም የኋላው ጫፍ በገመድ ተወጥሮ አለመያዙ ነበር።

አሁን ስለ ካያክ እንናገር። ካያክ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች የፈጠሩት ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። እነርሱ በአገራቸው ትልቅ ዛፍ ስለሌለ ባሕር ተፍቶ ካመጣው እንጨት አጥንቱን አበጅተው በአቆስጣ ቆዳ ሰፍተው ያለብሱታል። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ የሚቀዝፍ ሲሆን ቀዛፊው በግራና በቀኝ እያፈራረቀ ያጠልቀዋል። የጣና ቀዛፊም ረጅም ዘንጉን መካከሉን ይዞ በግራና በቀኝ ሲያፈራርቅ ያየ ሰው ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ መድረሳቸው ይገርመዋል። በዓባይ ሸለቆም ካያክ እንግዳ አይደለም። ስዊድናዊው አርኔ ሩቢን በ1965 በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ካለው ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ሱዳን ወርዷል፤ በ1972 ደግሞ በማይክ ጆንስ የሚመሩ እንግሊዞች በካያክ መጥተዋል። በ1968 የብሪታንያ ወታደሮችና ኢትዮጵያውያን በአንድነት ያደረጉት ጉዞ በጎማ ጀልባ ነበር፤ በዚያ ጉዞ አንድ ሰው ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞቷል። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንዙን ተከትለው ሊወርዱ ነው፤ ያገሬው ሰው ጉዳይ ግን ተሻግሮ መመለስ ነው።

ካያክ በኮምፔልሳቶ መሥራት የተቻለው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ኬን ሊትልዳይክ የተባለ እንግሊዛዊ ኮምፔልሳቶውን ቆርጦ፥ ጠርዝ ለጠርዝ በሽቦ ሰፍቶ፥ ስፌቱን በፋይበር ግላስ ጨርቅና በሙጫ መለጠፍን አስጀመረ። በ1962 «ሚረር» የተባለችው ትንሽ የሸራ ጀልባ በዚሁ ዘዴ ተነድፋ፥ ከዚያ ወዲህ 70,000 ያህል ተሠርታለች፤ ብዙዎቹን የሠሩት በጓሮአቸው የሚሠሩ ተራ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያ ሙጫው ፖሊስተር ነበር፤ ኋላ ከእንጨት ጋር በጥብቅ የሚያያዘው ኢፖክሲ ተተካ። ጀልባን መስፋት ራሱ ግን አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 በጊዛ ከፒራሚዱ አጠገብ ከመሬት የወጣው፥ 43 ሜትር ርዝመት ያለው የፈርዖን ኩፉ መርከብ የዝግባ ሳንቃዎቹ በቀዳዳ ውስጥ ባለፈ ገመድ የተሰፉ ናቸው፤ ዕድሜውም 4,500 ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ታንኳ ይታሰራል፥ ካያክም ይሰፋል፤ ሁለቱም የምስማር ሥራ አይደሉም።

የዚህ ዘዴ ምሥጢር በመቁረጡ ላይ ነው። ኮምፔልሳቶ እንደ ወረቀት ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል እንጂ እንደ ቅል ወደ ሁለት ወገን አይጎብጥም። ታዲያ የጀልባ ሆድ እንዴት ይወጣዋል? የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሰፊዎችን ያስተዋለ ሰው መልሱን ያገኛል። ጨርቁ ዝርግ ነው፤ ነገር ግን ቅዳጆቹ ጠርዛቸው ጎበጥ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ሲሰፉ ጉልላት ይሆናሉ። እንዲሁ ሁለት የጎበጡ ጠርዞችን በሽቦ ስንስባቸው ሳንቃው መታጠፍ ግድ ይሆንበታል፤ ቅርጹም ያለ አጥንትና ያለ ቅርፅ ማውጫ በራሱ ይመጣል። አናጢው አጎታችን በመጀመሪያ፥ «ያለ ምሰሶ ቤት ልትሠሩ ነው?» እያለ ሲያሾፍብን ነበር። አራቱ ቅዳጆች ተሰፍተው ከመሬት ላይ ድንገት ጀልባ ሆነው ሲነሡ ግን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፥ ምንም ሳይናገር መጋዙን አነሣና ከእኛ ጋር መሥራት ጀመረ።

ኮምፔልሳቶውን ስንገዛ የሠራነው ስሕተት ይህ ነው። ነጋዴው ውኃ አይፈራም ስላለን አምነነው ሦስት ቅጠል ገዛን። ቁይ ከደረስን በኋላ ቁራጩን በድስት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ብንቀቅለው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተገላለጠ። ለካስ ሳንቃው የተጣበቀው ለቤት ውስጥ ዕቃ በሚሆን ሙጫ ነበር። መጀመሪያ መቀቀል፥ ከዚያ መግዛት እንጂ እንደ እኛ አይደረግም። ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ቁራጭ ለምነን አስቀድመን ቀቀልን፤ ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ብቻ ጸና። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራ ኮምፔልሳቶ በዓለም ገበያ አለ፤ እርሱ ካልተገኘ ግን ድስቱ ይፈርዳል። ቅጠሉ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22፥ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ካያኩ ከዚህ ስለሚረዝም ሁለት ቅጠል መቀጠል ያስፈልጋል፤ ጫፎቹን በመላጊያ እንደ ብዕር አሹሎ፥ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ ያህል፥ ይኸውም 32 ሚሊሜትር፥ አደራርቦ ማጣበቅ ነው።

ቀዳዳዎቹን በየ10 ሳንቲሜትሩ በጠባብ መሰርሰሪያ በሳን። ሽቦው ከተቃጠለ የውኃ መሳቢያ ሞተር የተፈታ መዳብ ነው፤ በፒንሳ ተጠመዘዘ። ተራ ኮላ ውኃ ሲያገኘው ስለሚላላ እዚህ አይረዳም። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ነው፤ ሙጫውና ማጠንከሪያው ሲደባለቁ በመካከላቸው ኬሚካላዊ ትስስር ተፈጥሮ ወደ ማይቀልጥ ጠጣር ይለወጣሉ። የእኛው መመሪያ ሁለት እጅ ሙጫ ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ የሚል ነው፤ ማጠንከሪያ ብናበዛ ቶሎ ይደርቃል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው፤ የተረፈው ሳይተሳሰር ይቀርና ስፌቱን ያለሰልሰዋል። ከኮምፔልሳቶው መጋዝ የወጣውን ሰጋቱራ በወንፊት ነፍተን ከኢፖክሲው ጋር እንደ ገንፎ አቦክተን በመጋጠሚያው ውስጠኛ ማዕዘን ላይ በማንኪያ ጀርባ አለስልሰን ሞላን። ከላዩ የፋይበር ግላስ ጥብጣብ አለበስነው። ይህ ከጠነከረ በኋላ ሽቦው ሥራውን ጨርሷል፤ ተቆርጦ ይወጣል።

እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ቁይ ደጋ መሆኑን ግን ረስተን ነበር። በክረምት ሌሊት ቴርሞሜትራችን ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አየን። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ኢፖክሲ ለመጠንከር እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በማግስቱ ይጠነክራል የተባለው ስፌት በሦስተኛው ቀን እንደ ማር ያጣብቅ ነበር። በዚያ ላይ ጭጋጉና ዝናቡ በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት አወጣበት። ይህ ቅባት ከማጠንከሪያው፥ ከአየሩ እርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወለድ ነው፤ በውኃና በሳሙና ካልታጠበ የሚቀጥለው ሽፋን አይያዝበትም። እኛ ይህን ሳናውቅ በላዩ ደረብንበት፤ ከሳምንት በኋላ አንድ ክንድ ያህል ጥብጣብ በጥፍር ተላጠ። በመጨረሻ ጀልባውን ወደ ቤት አስገብተን ከምድጃው ራቅ ባለ ቦታ አስቀመጥነው፤ እናታችን ለሁለት ሳምንት ያህል እንጀራዋን በጎረቤት ምጣድ ጋገረች። ይህን ውለታ ሳንመዘግብ ብንቀር ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል።

ሙቀት ጉድለቱ ብቻ ሳይሆን ብዛቱም ያስቸግራል። አንድ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ጊዜ ለማትረፍ ብለን በጥልቅ ኩባያ ሙሉ ብንደባልቅ፥ ራሱ በሚያወጣው ሙቀት ተግሎ ጢሱ ወጣ፥ ኩባያውም ቀለጠ። ጥቂት በጥቂት፥ በዝርግ ዕቃ ነው የሚደባለቀው። ጓንትም ሳይለብሱ መንካት አይገባም፤ ቆዳ አንድ ጊዜ ከጠላው ከዚያ በኋላ በትንሹም ያሳክካል፤ በታናሽ ወንድማችን ክንድ ላይ ሽፍታው ወጥቶ እርሱ ከሙጫው ሥራ ወጣ። ደግሞም ኢፖክሲ የፀሐይን ጨረር አይችልም፤ በጨረሩ ብዛት ይሰነጣጠቃል። ደጋ ላይ ፀሐይ ስለምትበረታ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባቱ ለውበት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ የመንሳፈፍ መንገዶች እንመለሳለን፤ ምክንያቱም ታንኳ ለካያካችን ያበደረችው ነገር አለ። ኮምፔልሳቶው ራሱ እንጨት ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም፤ ውኃ የሞላው ካያክ ግን ሰው መሸከም አይችልም። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ አቁመን ሁለት የታሸጉ ክፍሎች አበጀን፤ መካከሉ ቢሞላም በእነዚህ ውስጥ ያለው አየር ይቀራል። ይህ የደንገልን አገዳ ጠባይ ማዋስ ነው፤ አገዳው ብዙ ሺህ ትንንሽ የታሸጉ ክፍሎች አሉት፥ እኛ ሁለት ትልልቅ አደረግን። በኋላው ክፍል ባዶ የውኃ ላስቲኮችን ክዳናቸውን ጠርቅመን ጨመርንበት፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ እንኳ እነርሱ እንዲቀሩ ነው። ከዓባይ ማዶ ልሂድ የሚል ሰው ካያክ ቢሠራና እነዚህን ክፍሎች ቢተው፥ ከአሮጌ ታንኳ የባሰ ነገር ሠርቷል ማለት ነው።

መቅዘፊያውን መጀመሪያ ከባሕር ዛፍ ጠረብነው፤ ከበደን። ኋላ ከአዊ የመጣ ቀርከሃ አግኝተን በሁለቱ ጫፍ የኮምፔልሳቶ ቁራጭ ሰክተን አሰርንበት። ጀልባው 4 ሜትር ከ30 ረዝሞ በወፍጮ ቤት ሚዛን 23 ኪሎ ሆነ። የሚቀዝፈው ሰው 60 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 83 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 83 ሊትር ውኃ አስለቅቆ ይቆማል፤ ይህም ከአራት ጀሪካን ጥቂት ይበልጣል። ለልጆቹ እንዲህ ብለን ስናስረዳ ተረዱን።

ሙከራውን ያደረግነው ከከተማው ወጣ ብሎ ክረምት ውኃ በሚቋጥር ረባዳ ሜዳ ላይ፥ ጥልቀቱ ከወገብ በማያልፍ ቦታ፥ በነሐሴ መጨረሻ ነው። ወደ ወንዝ አልወሰድነውም፤ በሞላ ወንዝ ላይ ያልተፈተነ ጀልባ ማውረድ ድፍረት እንጂ ጥናት አይደለም። ካያኩ ተንሳፈፈ፤ ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁለት ኩባያ ያህል ውኃ አስገባ። ፈልገን ስናገኘው የገባው በስፌቱ አልነበረም፤ ሽቦ ካወጣን በኋላ መሙላት በረሳናት አንዲት ቀዳዳ ነበር። ጣና ላይ ብትሆን ይህች ቀዳዳ ማንም የማይጠራት ነገር ናት። ከዚያ በኋላ መካከሉን በጀሪካን ውኃ ሞልተን ወንድማችንን ዳር ዳሩን አስያዝነው፤ ጀልባው ዝቅ አለ እንጂ አልሰጠመም፤ እርሱንም ደገፈው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል ቢባል፥ መልሳችን ሥፍራውን ይጠይቃል። ደንገል በሚበቅልበት በጣና ዳር ታንኳ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ቀዳዳ አይፈራም፥ ሠሪውም የሌላ አገር ፋብሪካ አይጠብቅም። እዚያ ራሱ ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ አጥማጆች መጣ፤ ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ እየራቀ ነው፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ዳርቻውን ወርሮታል። በቁይና በዓባይ ቆላ ደንገልን ከጣና አስጭኖ ለጥቂት ወራት ማሰር አያዋጣም። ካያክ በጥንቃቄ ቢያዝ ዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን ለእኛ ኢፖክሲው ብቻ ከኮምፔልሳቶው ሁሉ የበለጠ አስወጥቶናል፤ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚችለው አይመስለንም፤ የአንድ ሠፈር ማኅበር ግን ይችለዋል። ለሽበት የደረሱ እናትና ለጭነት ደግሞ ጠባብ ካያክ አይሆንም፤ በዚያው ስፌት ሰፋ ያለ ዝርግ ጀልባ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ሥራው ያው ነው፤ የሚለወጠው የቅዳጁ ልክ ብቻ ነው። ውኃው በኃይል በሚወርድበት ጊዜ ግን ሁለቱም ዓይነት ጀልባ አይሻገርም፤ እንደ ሰባራ ድልድይ ባለ ቦታ ከድልድይ በቀር ሌላ መፍትሔ የለም።

የቅዳጆቹን ልክ በወረቀት ነድፈን አስቀምጠናል፤ ለመገልበጥ የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር ከእኛ ያገኛል። ጀልባው ቁይ በቤታችን ጣሪያ ክፈፍ ሥር በሁለት ገመድ ተንጠልጥሏል። ለገና ስንሄድ አውርደን አየነው፤ የኋላው ስፌት ላይ ቀለሙ ሁለት ጣት ያህል ተልጧል፥ እንጨቱ ግን ገና ደረቅ ነው። ለፋሲካ ስንመለስ በበጋው ሙቀት ያን ቦታ በሳሙና አጥበን፥ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፥ እንደገና እንቀባዋለን።